የአዴ ብርቄ የማይደውል ማሽን

ሞባይል ጥገና የገባሁ ቀን የመጀመሪያ ሥራዬ አንድ ሞባይል ፈትቶ መግጠም ነበር። መፍታቱ ተሳካልኝ። ስገጥመው አራት ብሎን ተረፈኝ። አሠሪዬ ጋሽ ነስሩ ብሎኖቹን መዳፉ ላይ አድርጎ አያቸውና፦

"ሳህሌ፣ ፋብሪካው አራት ብሎን አባክኗል ማለት ነው?" አለኝ።

"ሳይሆን አይቀርም ጋሼ" አልኩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነቀምቴ ገበያ አጠገብ ባለችው ሱቅ ውስጥ ስሜ "ፋብሪካ" ሆኖ ቀረ።

እዚያ ሥራው በደረጃ ነው። መጀመሪያ በጥርስ ብሩሽና በአልኮል የስልኩን ቦርድ ታጥባለህ። ቀጥሎ ስፒከርና ማይክ ትቀይራለህ። ከዚያ የቻርጀር ቀዳዳ ትበይዳለህ። መጨረሻ ላይ ቴስተርና የሙቅ አየር መንፊያ ይሰጥህና ቦርድ ትነካለህ። እኔ ብሩሹ ላይ ከማንም በላይ ቆይቻለሁ። ጋሽ ነስሩ ለደንበኛው ሁሉ "ጥርሱን እንዲህ ቢቦርሽ ኖሮ እስካሁን አግብቶ ነበር" ይል ነበር።

ያኔ ስልክ ሁሉ ቁልፍ ነበረው። ከቁልፉ ሥር ያለችው ጎማ ስታልቅ እኔ ጋ ይመጣል። እጄ መጀመሪያ የተፈታው በሱ ነው። ልክ "አሁንስ ባለሙያ ሆንኩ" ስል ቁልፉ ቀረና ስልኩ ሁሉ መስታወት ሆነ። ሙያዬን ተምሬ ስጨርስ ሙያው አለቀ።

የራሴን ሱቅ ቡርቃ ጃቶ፣ ወደ ፍርድ ቤት በሚያወርደው መንገድ ዳር ስከፍት ያዳነኝ ጌም ነው። ጌም ቤቶቹ የተሰበረ ጆይስቲክ በፌስታል ያመጡልኛል። በስልክ የሚጫወቱት ደግሞ "አውራ ጣቴ ኳሱን ይሸፍንብኛል" እያሉ ያለቅሳሉ። እውነታቸውን ነው፤ መስታወት ላይ ስትጫወት ግማሹን የምታየው የራስህን ጣት ነው። ከተሰበረ ጆይስቲክ የሚሠራውን ግማሽ ቆርጬ፣ ከቢጫ ጄሪካን መያዣ አበጅቼ፣ በኬብል ከስልኩ ጋር አገናኘሁት። መልኩ ያስቃል፤ ግን ይሠራል። ከጨለለቂ ሰፈር ድረስ በባጃጅ ይመጡልኝ ጀመር።

በዚህ ሥራዬ የሚስቅብኝ አንድ ሰው ነበር፣ ቶሌራ። ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ያስተምራል፤ ደንበኛዬም ተከራካሪዬም ነው።

"ኦቦሌሶ፣ ወንድሜ፣ አንተ በሬ ላይ ክንፍ እየበየድክ ነው" አለኝ አንድ ቀን። "ስልክ ስልክ ነው። ለጌም ተብሎ የተሠራ ነገር አለ።" ከቦርሳው መዳፍ የምታህል ማሽን አወጣ። ግራና ቀኟ ቁልፍ፣ መሃሏ ትንሽ ስክሪን።

"በሊኑክስ ነው የምትሠራው፤ እንደ ዊንዶውስ ያለ ሲስተም ነው" አለ።

"ሲም ትወስዳለች?"

"አትወስድም።"

"ቴሌግራምስ?"

"የላትም።"

"ታዲያ ምንድነው የምትሠራው?"

"ያዘዝካትን ብቻ።"

"ሚስቴም ያዘዘችኝን የምሠራ መስሏት ነው ያገባችኝ" አልኩትና ወደ ብየዳዬ ተመለስኩ። ስልክ ሁሉንም ነገር ይችላል፤ የጎደለው ቁልፍ ብቻ ነው፤ ቁልፉን እኔ እጨምርለታለሁ። የያኔ እምነቴ ይቺ ነበረች።

አዴ ብርቄ የጽሕፈት መኪናዋን በነጠላ ጠቅልላ ሱቄ የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። አዴ ብርቄን፣ እትዬ ብርቄ እንደማለት ነው፣ የማያውቅ የቡርቃ ጃቶ ሰው የለም። ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ጃንጥላ ዘርግታ ማመልከቻ ትጽፋለች። አብዛኛውን በኦሮምኛ፣ በላቲኑ ፊደል በቁቤ ነው የምትጽፈው። አጻጻፏ ለብቻው ነው፤ ወረቀቱንም ጣቷንም አታይም። ዓይኗ ባለጉዳዩ ፊት ላይ ነው። እሱ ያወራል፣ እሷ ዓይን ዓይኑን እያየች ትመታለች።

"ሰው እያየኸው ሲያወራ ሁሉንም ያወራል" ትላለች። "የሚደብቀውንም ፊቱ ላይ አየዋለሁ። ቆም ብዬ 'እሱንም ንገረኝ' እለዋለሁ። ማመልከቻዬ ዳኛ ፊት የሚቆመው ለዚህ ነው።"

የመኪናዋ የቀለም ሪባን ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል። አሁን ደግሞ የኤ ፊደል ክንድ ተሰብሯል። በቁቤ ያለ ኤ አንድ መስመር አይሄድም። በየድኩት፤ በሦስተኛው ቀን ተሰበረ። ደግሜ በየድኩት፤ በማግስቱ ተሰበረ።

"ኢልመ ኮ፣ ልጄ" አለችኝ፣ "ያቺን ቦታ ለሳምንት ከለቀቅኳት ሌላ ጃንጥላ ይተከልባታል። ሌላ ሥራ አላውቅም። አንድ ነገር አድርግልኝ።"

መጀመሪያ ስልኳ ላይ እንድትጽፍ አለማመድኳት። ሄጄ አየኋት። አንገቷን ደፍታ፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ አውርዳ፣ መስታወቱን በአንድ ጣት ትነካለች። ባለጉዳዩ የሚያየው የሻሿን ጫፍ ነው። ትንሽ አወራና ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ ሰዓቱን አየና "ቆይቼ እመጣለሁ" ብሎ ተነሳ። ሄደ፤ ኮምፒውተር ቤት ገባ።

እንግዲህ የኔ ቀን መጣ አልኩ። ኪቦርድ ፈልጌ ከስልኳ ጋር አገናኘሁት። የስልኩ ቀዳዳ አንድ ስለሆነ ኪቦርዱ ሲሰካ ቻርጅ አይገባም፤ ኬብሉን ፈትቼ ሁለቱንም አብሮ እንዲያስገባ አድርጌ በየድኩት። ከጄሪካን ማቆሚያ ሠራሁለት። ማመልከቻውን የሚያትምላት የሕትመት ቤት ሰው ጽሑፍ የሚቀበለው በቴሌግራም ነው፤ ስለዚህ ቀጥታ እሱ ጋ እንድትጽፍ አደረግኩ። በዚያ ላይ ጉራዬ አልበቃ ብሎኝ እንተር የሚባለውን ቁልፍ ስትጫን ጽሑፉ በራሱ እንዲሄድ አስተካከልኩት።

"አዴ፣ አንቀጽ ሲጨርሱ እንተር ብቻ። ሌላ ምንም አይነኩም። ስክሪኑን ማየትም አያስፈልግዎትም" አልኳት።

እጇን ቁልፎቹ ላይ አሳረፈች። ዓይኗን ወደ እኔ አነሳችና መምታት ጀመረች። ሳቋ መጣ። አሥር ጣቷ ወደ ቤቱ የተመለሰ ይመስል ነበር። እኔም በዚያው ቀን ቶሌራ ጋ ደውዬ "በሬው በረረ" አልኩት።

አሥር ቀን ያህል በረረ።

አንድ ጠዋት ሱቄ ቁጭ ብዬ የቻርጀር ቀዳዳ ስበይድ ስልኬ ጥን አለ። የሰፈራችን ዕድር የቴሌግራም ግሩፕ ነው። ማን አረፈ ብዬ ከፈትኩት። ላኪዋ አዴ ብርቄ ናት። በኦሮምኛ እንዲህ ይላል፦ "አመልካች ደሬሳ የተባልኩት፣ ታላቅ ወንድሜ የአባታችንን የቡና መሬት ወረቀት ከኔ ስለደበቀ..."

ጥን። "በሽማግሌ ፊት ቡና አልሸጥኩም ብሎ ሲምል፣ ሸጦ የገዛው ቆርቆሮ ቤቱ ላይ እያብለጨለጨ ነበር..."

ኪቦርዱን ስታስጠጋ መዳፏ ስክሪኑን ነክቶት የዕድሩ ግሩፕ ተከፍቷል። እሷ ዓይኗ ደሬሳ ፊት ላይ ነው። እንተር በተጫነች ቁጥር አንድ አንቀጽ ለዕድሩ ይሄዳል። ታላቅ ወንድሙ ደግሞ የዕድራችን አባል ነው።

ደወልኩላት። አላነሳችም። ባለጉዳይ ሲያወራ ስልክ አታነሳም፤ የሥራዋ ሕግ ነው። መሮጥ ጀመርኩ። መበየጃውን ከነትኩሳቱ እንደያዝኩ ቁልቁል ወደ ፍርድ ቤት። የባጃጅ ሹፌሮች ሰው ላቃጥል የምሮጥ መስሏቸው መንገድ ለቀቁልኝ። እየሮጥኩ ኪሴ ውስጥ ጥን፣ ጥን ይላል። ወፍራም ሰው ነኝ፤ አዴ ብርቄ ደግሞ ፈጣን ጸሐፊ ናት። ስደርስ ማመልከቻው አልቆ ፊርማ ቦታ ላይ ደርሷል።

ግሩፑ ላይ ያለውን አጠፋሁት፤ ግን ያነበበው አንብቧል። ደሬሳ ነገሩን ሲረዳ ተነሳ። ባርኔጣውን ደፋ።

"እኔ የመጣሁት ለዳኛ ልናገር ነው" አለ። "ለለቅሶ ቤት ሰው አይደለም።"

ከዚያ በኋላ ጃንጥላው ሥር የሚቀመጥ ጠፋ። ሰው በዚያ በኩል ሲያልፍ ድምፁን ይቀንስ ጀመር። አዴ ብርቄ አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

"ኢልመ ኮ፣ እጄን መለስክልኝ" አለችኝ፣ "ግን ሰው የነገረኝን የማኖርበት ቦታ አሳጣኸኝ። ያ ከሌለኝ መምታቱማ ምን ያደርግልኛል?"

እሁድ በዕድሩ ስብሰባ ላይ ተነስቼ ጥፋቱ የኔ እንጂ የሷ እንዳልሆነ ተናገርኩ። ስለ እንተር ሳስረዳ ግማሹ ሳቀ። ሰብሳቢያችን ግን አልሳቁም።

"በሚቀጥሉት ሦስት ለቅሶዎች ድንኳን የምትተክለው አንተ ነህ" አሉኝ። በዚያ ወር ሰው እንዳይሞት እንደኔ የጸለየ የለም።

ከስብሰባው ቀጥታ ቶሌራ ቤት ሄድኩ። የምለውን መንገድ ላይ ተለማምጄ ነበር፤ በሩን ሲከፍትልኝ ጠፋብኝ።

"በሬው ወደቀ" አልኩት።

"ሰምቻለሁ። ዩኒቨርሲቲው ሁሉ ሰምቷል።"

"ያቺ ምንም የማትችለው ማሽንህ አለች?"

ትንሽ ሊያሾፍብኝ አፉን ከፈተና ፊቴን አይቶ ተወው። ጌም የሚጫወትባትን ማሽን አምጥቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጣት። ሁለት ቀን አብረን ሠራን። ቀዳዳዋ ሁለት ነው፤ አንዱ ለቻርጅ፣ አንዱ ለኪቦርድ። መበየድ አላስፈለገም። ሥራ ፈትቼ ሻይ ቀዳሁ። እሱ ማሽኗ ስትበራ ቀጥታ ባዶ ገጽ እንድትከፍት አደረጋት፤ ፊደሉንም አተለቀው። ጽሑፉ ለብቻው በሚገባ ሚሞሪ ካርድ ላይ ይቀመጣል። አዴ ብርቄ ሚሞሪዋን አውጥታ ራሷ ሕትመት ቤት ትወስዳለች።

"ስክሪኗ አነሰች" አልኩት።

"አዴ መቼ ታያታለች?" አለኝ። እውነቱን ነው። ለባለጉዳዩ መልሳ የምታነበው ሲያልቅ ብቻ ነው፤ ለዚያ ደግሞ መነጽር አላት።

መጀመሪያ የፈተናት የሕትመት ቤቱ ኮምፒውተር ነው። ለሙከራ የጻፈችበትን ሚሞሪ ስታስገባ ቫይረስ ፋይሉን ሁሉ ደበቀው፤ የቀረው ሾርትከት የሚባል የማይከፈት ምልክት ብቻ ነው። አዴ ብርቄ ሮጣ እኔ ጋ መጣች። እኔ ደግሞ ይዣት ቶሌራ ጋ። ሚሞሪውን ወደ ማሽኗ መለሰው፤ ጽሑፉ አንድ ፊደል ሳይጎድል ቁጭ ብሏል። ቫይረሱ የዊንዶውስ ነው፤ ማሽኗን አያውቃትም።

ቢሆንም ጃንጥላው ሥር ሰው አልመጣም። አንድ ሳምንት አለፈ። አዴ ብርቄ በየቀኑ ጠዋት ማሽኗን ታበራለች፣ ባዶ ገጽ ከፍታ ትቀመጣለች። እኔም በየሰበቡ እየወረድኩ አያት ነበር። ማዶ የታጠፈ ጃንጥላ ይዞ የቆመ ሌላ ሰው አየሁ፤ ቦታውን እየለካ ነበር።

በስምንተኛው ቀን ደሬሳ መጣ። ወንድሙ ማመልከቻውን አንብቦ ሽማግሌ ልኮበት ነበር፤ ቡናውን ሸጦ ቆርቆሮ መግዛቱን አመነ፣ የመሬቱን ወረቀት ግን አልሰጥም አለ። ደሬሳ ክሱን ማስገባት አለበት፤ ነገሩን ከጅምሩ የምታውቀው ደግሞ አንድ ሰው ናት። ቆሞ ማሽኗን አያት።

"ይሄኛው ይደውላል?"

"አይደውልም" አለች አዴ ብርቄ።

"ቴሌግራም አለው?"

"የለውም።"

ወደ እኔ ዞረ። "ይሄ ሰውዬ ነክቶታል?"

"ሻይ ብቻ ነው የቀዳሁት" አልኩት።

"ሌላስ ምን ያውቃል?"

"ምንም አያውቅም" አለችው። "አንተ የነገርከኝን ብቻ።"

ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገና ተቀመጠ። "እንግዲያው ይጻፉልኝ፣ አዴ።"

ዓይኗን ፊቱ ላይ አሳረፈች። መምታት ጀመረች። እኔ ማንም ሂድ ሳይለኝ ዳገቱን ተመለስኩ። ሰው ሲያወራ የሚያዳምጥ ሦስተኛ አያስፈልግም፤ ይሄንንም የተማርኩት ዘግይቼ ነው።

አሁን ጃንጥላዋ ሥር ወረፋ አለ። ከጊምቢም አንድ ማመልከቻ ጸሐፊ መጥቶ "የአዴ ብርቄን ዓይነት" አለኝ፤ ከሻምቡም አንዲት ጠይቃኛለች። ለነሱ ቶሌራና እኔ አብረን እንሠራለን፤ እሱ ሊኑክሱን፣ እኔ ማቆሚያውን። ለጌም ልጆቹ ደግሞ ዛሬም ስልክ ላይ ጆይስቲክ እበይዳለሁ፤ መሃል ላይ ስልክ ቢደወል የሚጠፋው ጎል ነው፣ ጎል ደግሞ ነገ ይገባል። የዕድሩን ድንኳን ሁለት ጊዜ ተክያለሁ፤ አንድ ይቀረኛል።

አሁን ዕቃ ከመንካቴ በፊት ደንበኛዬን ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ስትሠራ ዓይንህ የት ነው? የምትይዘው ነገር የማን ነው? ዓይኑ ሰው ላይ ከሆነ ቁልፍ እሰጠዋለሁ። የያዘው የሌላ ሰው ነገር ከሆነ፣ ያን ሥራ ብቻ የሚሠራ ማሽን እሰጠዋለሁ። እንተሩን ደግሞ አልነካም።