ቁልፍ ያለው እጅጌ

ከደም ግፊት መለኪያው ክፍል ገና ሳይደርሱ ድምፃቸው ይቀድማቸዋል። ዕድሜ ልካቸውን ልብስ ሲሰፉ የኖሩ እናት ናቸው። ለመለኪያው ጨርቅ እንዲመች ብለው የቀሚሳቸውን ግራ እጅጌ ከትከሻ እስከ ክርን ተርትረው ቁልፍ ተክለውበታል። ከቁልፎቹ አንዱ ሰማያዊ፣ የቀሩት ነጭ ናቸው። ነርሷ አይታ እንዳላየች አለፈችው።

የዓይናቸው ሞራ የሚገፈፈው ግፊታቸው ሲወርድ ነው ተብለው ሁለቴ ተመልሰዋል። ሁለቴም ጥፋቱ የምላሳቸው ነበር፤ ጨርቁ ክንዳቸውን ጨምቆ ሲይዛቸው ከመሣሪያው ጋር ይጣላሉ። "አንተ ምቀኛ! ደሞ ልትወጣብኝ ነው?" ይሉታል። ጠቋሚውም እልህ እንደተጋባ ሰው ሽቅብ ይወጣል።

"እማማ፣ ዛሬ እንኳ ዝም ይበሉልኝ" አለች ነርሷ።

"ቃሌ ነው ልጄ!" አሉና የሻሻቸውን ጫፍ በጥርሳቸው ነክሰው ያዙ።

ነርሷ ፊኛውን እየጨመቀች ጨርቁን ነፋችው፤ ከዚያም አየሩን ቀስ እያለች ለቀቀችው። እሳቸው ትንፍሽ አላሉም።

"ወርዷል እማማ! ነገ ለቀዶ ጥገና ይገባሉ።"

ሻሹን ተፍተው እልል አሉ፤ ኮሪደሩ ላይ ወረፋ የያዘው ሁሉ ነገሩ ሳይገባው አጨበጨበ። እሳቸው ወደ መሣሪያው ዞረው "አየኸኝ?" አሉት። ከዚያ እጅጌያቸውን በዳበሳ እየቆለፉ ሰማያዊዋ ቁልፍ ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን አሳረፉ።

"ጎረቤቴ አንዷ ሰማያዊ ናት ብላ ስቃብኛለች። ልቀይርልሽ ብትለኝ እምቢ አልኳት" አሏት ነርሷን። "ራሴ አይቼ ነው የምቀይራት!"