የቀሩት ሰዎች ዝርዝር

ባለፈው ሳምንት የልጄ ልጅ የኮምፒውተር ትምህርቷን ስታጠና "እማማ፣ ይሄ 'ከሆነ'፣ 'ካልሆነ' የሚባል ነገር ራሴን አዞረኝ" አለችኝ። ሳቅ ብዬ እርሳስ አነሳሁ፤ ከዚያ እጄ ቆመ።

በወጣትነቴ ፒያሳ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ክፍል እሠራ ነበር። ትእዛዙን ካርድ ላይ በስተን ቁም ሣጥን ለሚያህለው ማሽን እናጎርሰዋለን። አለቃዬ ጋሽ ታደሰ የአራዳ ልጅ ናቸው፤ ተረብ አያልቅባቸውም። ያን ክረምት ግን በውቤ በረሃ በኩል ስመጣ መንገድ ዳር ሬሳ አያለሁ፤ የተጠበሰ እሸት መግዛት እንኳ ትቼ ነበር። ጋሽ ታደሰም መቀለድ ካቆሙ ሰንበት ብለዋል።

አንድ ጠዋት የመሥሪያ ቤቱ ካድሬ መጣና "ከማክሰኞው ስብሰባ ያለ ፈቃድ የቀሩትን አውጪልኝ። ከምሳ በኋላ እወስዳለሁ" አለኝ። ቸኮልኩና "ከስብሰባ የቀረ ወይም ፈቃድ የሌለው ከሆነ ስሙን ጻፍ" ብዬ አዘዝኩ። ማሽኑ ተንጫጭቶ የሠራተኛውን ስም ከሞላ ጎደል ዘረገፈው። ስብሰባው ላይ ተገኝቶ ፈቃድ ያላስፈለገው ሁሉ ገብቷል፤ ካድሬው ራሱ አለበት። በዚያ ዘመን ይህ ስህተት አይባልም፣ አሻጥር ነው። በአሻጥር የተወሰደ ደግሞ አይመለስም። ወረቀቱን ይዤ ወደ አለቃዬ ሮጥኩ።

ጋሽ ታደሰ ወረቀቱን ረጅም ጊዜ አዩት።

"አንቺ ልጅ፣ ማሽን የጻፍሽለትን እንጂ ያሰብሽውን አያውቅም። አንድ በአንድ ጠይቂው። ቀርቷል ወይ? ካልቀረ እለፈው። ከቀረ ብቻ፣ ፈቃድ አለው ወይ? ከሌለው፣ ያኔ ስሙን ጻፍ።"

ካርዶቹን ራሳቸው በስተው አጎረሱት። አራት ስም ወጣ። ሦስተኛው የእሳቸው ነበር።

"ጋሼ! እርስዎ እኮ..."

"ማክሰኞ ቤት ዘግተን የገደሉብኝን ወንድሜን ስናለቅስ ነበር። ፈቃድ ብጠይቅ የማን ለቅሶ ነው ይሉኛል።"

"ስምዎን ከዝርዝሩ ላውጣው!"

"ወንበሬ ባዶ እንደነበር ብዙ ሰው አይቷል። ብትደብቂኝ የምትጠየቂው አንቺ ነሽ" አሉና ኮታቸውን ለበሱ።

ካድሬው መጥቶ ዝርዝሩን አነበበና "ጥሩ ሥራ ነው" አለኝ። ጋሽ ታደሰን ከዚያ ቀን ወዲህ አላየኋቸውም።

ለልጅቷ ጥያቄዎቹን ለያይቼ ጻፍኩላት፤ ወዲያው ገባት። ማን እንዳስተማረኝ ስትጠይቀኝ "አንድ አለቃ ነበሩኝ" ብቻ አልኳት። የተሳሳተውን ወረቀት ቢተዉት ኖሮ እሳቸው በዚያ ሁሉ ስም መሀል ተደባልቀው ሊተርፉ ይችሉ ነበር፤ የምወሰደው እኔ ነበርኩ። ይህን እያወቁ ነው ያረሙልኝ። እኔ ግን ትምህርት ብቻ መስሎኝ፣ አጠገባቸው ቆሜ በጥሞና እጽፍ ነበር።