የተዝካሩ ጤፍ

አባቴ በወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ወንድሜ ከእሳቸው ኋላ በበሩ ጨለማ ውስጥ ነው፤ የሚታየው ባርኔጣውና ነጭ ሸሚዙ ብቻ ነው። የነፍስ አባታችን ቄስ ከሾላው ጥላ ሥር መስቀላቸውን ይዘዋል። ከቄሱ ቀጥሎ ባለተዝካሯ አሉ፤ ባላቸው ከሞቱ ገና ሁለት ወር ያልሞላቸው የፎገራ ባለጸጋ ናቸው። ጥቁር ለብሰው ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ በእጃቸው በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል። ጎረቤታችን፣ ጨውና አቡጀዲ የሚሸጡት እስላም ነጋዴ፣ ከአጥሩ በር ላይ ቆመዋል። ሊያስፈጩ የመጡት ሴቶች ስልቻቸውን እንደ ተራቸው አሰልፈው በአጥሩ ጥግ ተደርድረዋል። እኔ መሃል ነበርኩ። ከእግሬ ፊት አንድ ጥቁር ድንጋይ ተቀምጧል፤ ያስቀመጡት አባቴ ናቸው።

ባገራችን የበደለ ሰው ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ከተበደለው ሰው እግር ሥር ይወድቃል። ሽማግሌ ወይም ቄስ «ይማሩት» ይላል። የተበደለው ድንጋዩን ያወርድለታል፤ ነገሩም በዚያው ያበቃል። ጥሩ ሥርዓት ነው፤ ድንጋዩን የሚሸከመው የበደለው ሰው ከሆነ።

ነገሩ የሆነው በሃምሳዎቹ መጨረሻ ነው። ወረታ ያን ጊዜ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ የተደረደሩ የቆርቆሮና የሣር ቤቶች ነበረች። አባቴ አንድ አሮጌ የናፍጣ ሞተር ገዝተው ወፍጮ ተክለው ነበር። እኔ ጎንደር አክስቴ ቤት ተቀምጬ አሥረኛ ክፍል ስማር ዓይናቸውን ሞራ ጋረደው። «ለአንድ ክረምት ብቻ» ብለው አስመጡኝ። ስድስት ዓመት ቆየሁ።

ወፍጮ ማስተዳደር ሞተር ማስነሳት ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ወንድሜም ከነዚህ አንዱ ነበር። ጠዋት ድንጋዩ ንጹሕና ቀዝቃዛ ሳለ ጤፍ ይቀድማል። ከዚያ ስንዴና ገብስ፣ ከዚያ ዳጉሳ። ጓያና ሽምብራ ከሰዓት በኋላ ናቸው፤ ከእነሱ በኋላ የገባ ጤፍ ሽታቸውን ይዞ ይወጣል። በርበሬ የምፈጨው ድንጋዩ በሚወቀርበት ዋዜማ ብቻ ነው። ይህን ሥርዓት ለማስያዝ አንድ ዓመት ሙሉ ተሰድቤአለሁ። ቀድማ የመጣች ባለጓያ ዘግይታ የመጣች ባለጤፍ ስትቀድማት ዝም አትልም።

ክረምት ሲሆን ደግሞ የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ላይ ይተኛል፤ ከዚያ የሚመጣው እህል እርጥብ ነው። እርጥብ እህል ድንጋዩ ላይ እንደ ሊጥ ይለጠፋል። ስለዚህ ከየስልቻው አንድ ፍሬ አንስቼ በጥርሴ እሰብር ነበር። ካልተሰበረ እመልሳለሁ።

«አንቺ ልጅ፣ እህሌን ልትፈጪልኝ ነው ወይስ ልትበይብኝ?» ትላለች አንዷ።

«ፀሐይ ላይ አስጥተሽ ተመለሺ።»

«ፀሐዩን አንቺ ስጪኛ! ሐምሌ ነው እኮ!»

«ተያት፤ እሷ ጥርሷን የምታሟሸው በእኛ እህል ነው፤» ትላለች ሌላዋ። ይስቃሉ፤ እኔ አልስቅም። ስልቻው ግን ይመለሳል። በስድስት ዓመት ውስጥ ከዚያ ግቢ የተበላሸ ዱቄት ይዛ የወጣች ሴት አልነበረችም።

ከሁሉ የሚከብደው ውቀራው ነበር። ድንጋይ በአሥራ አምስት ቀኑ ይደነዝዛል። ያን ጊዜ የላዩን ድንጋይ በብረትና በገመድ አንስቶ፣ ያለቀውን ቦይ በመዶሻ እየጠረቡ ማጥለቅ ያስፈልጋል። ግማሽ ቀን ይፈጃል። ፍንጣሪው እጅ ላይ ይሰካል። ከተወቀረ በኋላም የሰው እህል ወዲያው አይገባበትም፤ የመጀመሪያው ዱቄት አሸዋ ነው። ለዚህ ብዬ ከወለል የምጠርገውን የወዳደቀ እህል በቆርቆሮ አጠራቅም ነበር። ያንን ጥራጊ ሁለቴ ሦስቴ አሳልፌ፣ የሚወጣውን ዱቄት በሁለት ጣቴ አሽቼ፣ አሸዋው ሲጠፋ ነው ሰው የማስገባው። ድንጋይ ማጠብ እንለዋለን። ያስተማሩኝ አባቴ ናቸው። ዓይናቸው ከደከመ በኋላም ዱቄት በጣታቸው አሽተው የማን ማሳ ጤፍ እንደሆነ እስከ መናገር ይደርሱ ነበር። ይህን ልብ ይሏል።

ወንድሜ በሁለት ዓመት ያንሰኛል። እሱም ጎንደር ተልኮ ነበር፤ ለእኔ የሚላከው ገንዘብ ከእሱ የተረፈው ነበር። ስምንተኛ ክፍል ላይ ትቶ መጣ። ከመጣ ወዲህ ሥራው ባርኔጣውን አዘንብሎ ግቢው ውስጥ መቀመጥና ተራ የሚጠብቁትን ሴቶች ማሳቅ ነበር። አባቴ የባለተዝካሯን ልጅ ሊያጩለት ሽማግሌ ልከው ነበር። ባልየው እሺ ሳይሉ ሞቱ፤ ነገሩ በሚስቲቱ እጅ ቀረ።

ድንጋዩን የሚያዞረው የሞተሩ ቺንጋ ሊበጠስ ስለደረሰ ማክሰኞ ማለዳ ሌላ ልገዛ ባሕር ዳር ሄድኩ። መኪና አስቁመው ያሳፈሩኝ ጎረቤታችን ነጋዴው ናቸው። ተመላሽ መኪና አጥቼ የተመለስኩት ሐሙስ ነው። ቺንጋውን ተሸክሜ ስገባ የጥራጊው ቆርቆሮ ባዶ ነው። የላዩን ድንጋይ አንሥቼ በባትሪ አየሁት፤ አዲስ ተወቅሯል፤ ቦዩም ጠማማ ነው።

«ድንጋዩን ማን ነካው?» አልኩ።

«እኔ ነኝ፣ እታለም። ደንዝዞ ነበር። አንቺ ግማሽ ቀን የምትፈጂበትን እኔ በአንድ ሰዓት ጨረስኩት።»

«ጥራጊው የታለ?»

«ያ ቆሻሻ? ለዶሮ በተንሁት።»

«ታዲያ ድንጋዩን በምን አጠብከው?»

«እታለም ደግሞ! ድንጋይ ነው እኮ፤ የክርስትና ልጅ አደረግሽው?»

«መጀመሪያ የገባው የማን እህል ነው?»

ሳቁ ቆመ። የገባው የተዝካሩ ጤፍ ነበር፤ በአህያ ተጭኖ መጥቶ፣ ተፈጭቶ፣ ተጭኖ ሄዷል።

ወደ አባቴ ሄድኩ። ተዝካሩ እሑድ ነው፤ ገና አልተቦካም ይሆናል፤ መልክተኛ እንላክና ከቤታችን ጤፍ ፈጭተን እንተካላቸው አልኳቸው።

«ዱቄቱን እኔ ራሴ በጣቴ አይቼዋለሁ፤» አሉ። «ደህና ነው። ተይው።»

ተውኩት። የእኔ ጥፋት ይህ ነው፤ ሌላ የለኝም። በእግሬ ሄጄ መናገር እችል ነበር፤ ያ ቤት ቢርቅ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። የአባቴ ጣት ይሳሳታል ብዬ ማሰብ አልቻልኩም። ይዋሻል ብዬማ ጭራሽ አላሰብኩም።

እሑድ ካህናቱና አገሩ ተሰብስበው ሲቆርሱ እንጀራው በየጥርሱ ቀጭ ቀጭ አለ። ወሬው ሰኞ ወረታ ገባ። «እኔ ጥርሴን ለሟቹ ተዝካር ሰጥቼ መጣሁ» የሚል ሰው በየጠጅ ቤቱ ያስቅ ጀመር። ማክሰኞ ባለተዝካሯ ከቄሱ ጋር እንደሚመጡ ላኩ። በመጡበት ዕለት ጠዋት አባቴ ጠሩኝ።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት በይ።»

«እኔ ባሕር ዳር ነበርኩ።»

«ሳትሄጂ ወቅረሽው ነበር። ማጠቡን ረስተሽ ሄድሽ። ይኸው ነው።»

«አባባ፣ ዱቄቱን በጣትዎ አይተውት ነበር እኮ።»

«አይቻለሁ፤» አሉ። «አሸዋ ነበረው። ታዲያ በልጅቷ ሰዎች ፊት ልጄን ላዋርደው? ልጅቷን እሺ ሊሉን ነው።»

«እኔስ?»

«አንቺ ምን ቸገረሽ? ነገ የሰው ቤት ትሄጃለሽ።»

ይህን ያሉት ቀስ ብለው፣ ለእኔ የሚበጀኝን እንደሚመክሩ ሆነው ነው። ቢጮሁብኝ ይሻል ነበር። መጥረጊያዬን አንሥቼ ወለሉን መጥረግ ጀመርኩ። እሺ ያልኩ መሰላቸው።

ባለተዝካሯ ጨርቁን ፈቱ። የደረቀ እንጀራ ነው። ቆርሰው ለቄሱ ሰጧቸው።

«ይቅመሱት፣ አባ።»

«ቀምሼዋለሁ፣ እሜቴ። እሑድ ነበርኩ።»

«ባሌን አፈርና ድንጋይ ጭኜ ቀበርኩት። ተዝካሩን ደግሞ ድንጋይ አበላሁለት። ምን በድዬአችሁ ነው?» ድምፃቸው አልተነሳም። ስለዚህም ይከብድ ነበር።

ቄሱ ወደ አባቴ ዞሩ። «ወፍጮው የእርስዎ ነው። ማን አጠፋው?»

«ወፍጮውን የያዘችው እሷ ናት፤» አሉ አባቴ። «ውላ የምታድርበትም እሷ ናት። ወቅራ ሳታጥበው ባሕር ዳር ሄደች። ይኸው ትሸከም።»

ያቺ «ወፍጮውን የያዘችው እሷ ናት» የምትለውን ቃል በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ለሰው ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። ሰው ሲጠይቃቸው «ታግዘኛለች» ነበር የሚሉት።

ነጋዴው ከአጥሩ በር ሳል አሉ። «እኔ እሷን መኪና ባሳፈርኩበት ማክሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ የመዶሻ ድምፅ ሰምቻለሁ…»

«አንተ ሰውዬ!» አሉ አባቴ። «ይህ የክርስቲያን ተዝካር ነው። ወደ ጨውህ ተመለስ።»

«የእስላም ጆሮ መዶሻ አይሰማም ማለት ነው?»

ከሴቶቹ አንዷ ሳቋን በነጠላዋ ያዘች። ቄሱ እጃቸውን አነሡ።

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «ተሸከሚና እንጨርሰው።»

ድንጋዩን አየሁት። ከባድ አልነበረም። ከዚያ የሚከብድ በየአሥራ አምስት ቀኑ አነሣ ነበር። ወንድሜን ጠበቅኩት። አንድ ቃል ይበቃው ነበር። አላለም።

«ድንጋዩን የወቀረው ይሸከመው፤» አልኩ።

ባለተዝካሯ ቀና አሉ። ዓይናቸው ያረፈው በሩ ላይ ነው። ወንድሜ ሁለት እጁን ወደ ኋላው ወሰደ። የፍንጣሪው ቁስል ገና አልደረቀም ነበር።

ያን ጊዜ አባቴ ግድግዳውን ለቀው መጡ። ጎንበስ ብለው መሬቱን በእጃቸው ዳሰሱ፤ ድንጋዩን አገኙት፤ አንሥተው በማጅራታቸው ጫኑት። የሚወድቁበትን እግር ማየት ስለማይችሉ ወደ ሾላው ግንድ ዞረው ተንበረከኩ። ግቢው በአንድ አፍ «ኧረ ይተዉ!» አለ። ቄሱ ሮጡ። ባለተዝካሯም ሮጡ፤ ድንጋዩን በራሳቸው እጅ አውርደው ወረወሩት፤ «በሽምግልናዎ! በስማም! ምሬአለሁ፣ ምሬአለሁ፤» እያሉ ጉልበታቸውን ደግፈው አነሷቸው። ሁለቱም አለቀሱ። ሴቶቹም አለቀሱ። ቄሱ መስቀል አሳለሙ።

ማን እንዳጠፋው ዳግም የጠየቀ አልነበረም። ሊጠየቅም አይችልም፤ ድንጋይ ከወረደ በኋላ ነገሩን የሚያነሣ ሰው ራሱ በዳይ ነው። አባቴ ይህን ያውቃሉ። የሚያለቅሱት ከልባቸው እንደነበር አምናለሁ፤ ያውቁ እንደነበርም አምናለሁ። ይህንኑ ነው እስከ ዛሬ ይቅር ማለት ያቃተኝ።

ባለተዝካሯ ወንድሜን ጠርተው ጉንጩን ሳሙት። «ዘመድ ልንሆን አይደል፤» አሉ። እኔን አልፈውኝ ሄዱ።

አባቴ የጉልበታቸውን አፈር አራገፉ። ፊታቸውን ወደ በሩ አደረጉ።

«ሞተሩን አስነሣ፣ ልጄ፤» አሉ። «ሴቶቹ ቆመዋል።»

ወንድሜ ገባ። ሞተሩ ሦስት ጊዜ አስሎ ተነሣ። ሴቶቹ ስልቻቸውን ማንሣት ጀመሩ። ከፊት የነበረችው ባለጓያ ናት፤ ከእሷ ኋላ ሁለት ባለጤፎች አሉ።

«እታለም፣» አለችኝ አንዷ ባለጤፍ፣ «ልቅደም አይደል?»

«ውስጥ ያለውን ጠይቂው።»

ባለጓያዋ ስልቻዋን ይዛ ገባች። ማንም አልከለከላትም። የድንጋዩ ድምፅ ተለወጠ፤ ጓያ ሲገባበት አውቀዋለሁ።

ከራሴ ላይ የዱቄት ሻሼን ፈትቼ አራገፍኩት። ነጋዴው ከአጥሩ በር ፈቀቅ ብለው አሳለፉኝ። መንገዱን ተሻግሬ የጎንደር መኪና ከሚቆምበት ቦታ ሄድኩ፤ የመጣው መኪና እንጨት የጫነ ነበር፤ ከጭነቱ ላይ ወጣሁ።