ሳልቀበል ያደረስኩት ምርቃት

ልጅ እያለሁ አንድ ሽማግሌ ገድዬ፣ የዚያኑ ቀን ምሳ ሳይነሳ ከሞት አስነስቻቸዋለሁ። እንደማታምኑኝ ዐውቃለሁ። ሚስቴ እንኳ ሃያ ዓመት አብራኝ ኖራ እስካሁን አላመነችኝም። እኔ ግን ብዙ የማይታመን ነገር የሠራሁ ሰው ነኝ። ማንም ሳያስተምረኝ ፍሪጅ እጠግናለሁ፤ አማርኛ መጻፍም ማንም አላስተማረኝም፣ ይኸው እያነበባችሁልኝ ነው። በየሰርጉ ይህን ታሪክ ስጀምር ሰው ወንበሩን ጎትቶ ይጠጋኛል። ችግሩ፣ የማወራው ግማሹን ብቻ ነው። ሰው ሆዱን ይዞ ሲስቅ ብርጭቆዬን አንሥቼ ቀሪውን ከመጠጡ ጋር እውጠዋለሁ። ዛሬ እጄ ላይ ብርጭቆ የለም፣ ስለዚህ ሁሉንም ልጻፈው።

ያደግኩት መቐለ፣ ሰሜን ክፍለ ከተማ ነው፤ ወደ ውቅሮ ከሚወጣው መንገድ ገባ ብሎ፣ የድንጋይ አጥር ተደጋግፎ በቆመበት ሰፈር። ከቤታችን አራት አጥር አለፍ ብሎ ኣቦይ ሐጎስ ይኖሩ ነበር። እኛ ጋ ሽማግሌ ሁሉ «ኣቦይ» ነው፣ አባቴ እንደማለት። በጉብዝናቸው ግመል እየነዱ አፋር ቆላ ወርደው ጨው የሚያመጡ ነጋዴ ነበሩ። ጨዉ ለቤታቸው ቆርቆሮ ሰጣቸው፣ መንገዱ ደግሞ ጉልበታቸውን ወሰደ። ሚስታቸው ሞተዋል፣ ልጆቻቸው በየአገሩ ናቸው። ቤታቸው የአሮጌ ቆዳና የላምባ ሽታ ነበረው። ግድግዳው ጨው ጨው ይላል ሲባል ሰምቼ በምላሴ ቀምሼዋለሁ። እውነት ነው፣ ይላል።

በሰፈራችን አንድ ደንብ ነበር። በዓል ሲሆን ከቤቱ መውጣት ለማይችል ሽማግሌ ድርሻው በልጅ እጅ ይላካል። ሽማግሌው ተቀብለው ይመርቃሉ፤ ልጁም ያንን ምርቃት አንድ ቃል ሳይጥል ለእናቱ ያደርሳል። ባዶ ሳህን ብቻ ይዞ መመለስ ነውር ነው። እናቶቻችን ሳህኑን ከእጃችን ሳይቀበሉ በፊት «ምን አሉ?» ነበር የሚሉን።

ዐሥራ አንድ ዓመቴ ላይ፣ በማርያም ንግደት፣ ንግሥ ማለት ነው፣ እናቴ ለኣቦይ ሐጎስ የዶሮ ወጥ በሳህን አደረገችልኝ። አንድ እግር፣ አንድ እንቁላል፣ ከላይ ትኩስ ሕምባሻ። አራት አጥር ሩቅ አይደለም፤ ለእኔ አፍንጫ ግን ሩቅ ነበር። መጀመሪያው አጥር ጋ እንቁላሉን አሸተትኩት። ሁለተኛው ጋ ላስኩት። የተላሰ እንቁላል ደግሞ ለሽማግሌ አይሰጥም፣ ብልግና ነው፣ ስለዚህ በላሁት። ሦስተኛው ጋ እግሩ ብቻውን ቀርቶ ሳየው አሳዘነኝ። አራተኛው አጥር ጋ ስደርስ የያዝኩት ሳህን ብቻ ነበር፤ እሱንም በሕምባሻው ጠርጌዋለሁ። ዞር ብዬ ተመለስኩ።

እናቴ በር ላይ ቆማለች። «ምን አሉ?»

እዚህ ላይ እናንተው ፍረዱኝ። አንድ ምርቃት ፈጥሬ ማለት እችል ነበር። ግን ምርቃት የሚፈጥር ልጅ ምላሱ ይታሰራል ይሉን ነበርና ፈራሁ። ስለዚህ ቀለል ያለውን ውሸት መረጥኩ።

«ምንም አላሉም።»

«ዋእ! ኣቦይ ሐጎስ?»

«ጠራኋቸው፣ አይመልሱም።»

«ተኝተው ነዋ?»

እዚህ ጋ ዝም ብል ኖሮ ነገሩ ያልቅ ነበር። እኔ ግን ነገር ከጀመርኩ አሳምሬ ነው። «አልተኙም፣ ዐይናቸው ተከፍቷል፤ ዝንብ ፊታቸው ላይ አርፎ እሽ አይሉትም» አልኳት።

ሳህኑ ለምን ባዶ እንደሆነ የጠየቀኝ ሰው የለም። እናቴ ነጠላዋን መሬት ጥላ ጮኸች። ከዚያ ጎረቤቷ ጮኸች። ሰው ሁሉ ከቤተ ክርስቲያን መጥቶ ነጭ እንደለበሰ፣ አንዳንዱ ጉርሻውን ሳይውጥ፣ ከየቤቱ ወጣ። የእድራችን ጥሩንባ ነፊ ኣያ ተክሉ ጠላ ላይ ነበርና ያን ቀን ጥሩንባው ከወትሮው ረዘመ። እኔ ከሕዝቡ ኋላ እየሮጥኩ «ማርያም ሆይ፣ እባክሽ ሞተው ይገኙ» ብዬ ተሳልኩ። ይህንንም በሰርግ ላይ አላወራውም።

ኣቦይ ሐጎስ በር ደረስን። ዋይታው ሰማይ ሊነካ ሲል በሩ ከውስጥ ተከፈተ። ዱላቸውን ይዘው፣ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ቆመው አዩን።

«ማን ሞቶ ነው?» አሉ።

አንዱ አንዱን ያያል። በመጨረሻ ኣያ ተክሉ ጥሩንባውን ከጀርባው ደብቆ፣ «እርስዎ ነዎት፣ ኣቦይ» አላቸው።

«እና ለእኔ ሳትነግሩኝ?»

ሰው በእንባው ላይ ሳቀ። ኣቦይ ሐጎስም ሳቁ። ከዚያ ግን ፊታችንን አንድ በአንድ ማየት ጀመሩ፣ ሰው በጨለማ ውስጥ ሰው እንደሚፈልግ ዐይነት። አንዳንዱን «አንተ የማን ልጅ ነህ?» ይሉታል፤ ሦስት ቤት አልፎ የሚኖር ጎልማሳ ነው። ሲጨርሱ፣ «በሉ፣ መንገዱን ካወቃችሁት አይቀር፣ ሳልሞትም ኑ» አሉ።

ሰርግ ላይ ብርጭቆዬን የማነሣው እዚህ ጋ ነው።

የዚያን ቀን ድግሱ ሁሉ ወደ እሳቸው ቤት ዞረ። እናቴ ግን አልሳቀችም። አንገትጌዬ ላይ የወጡን ቅባት አይታ ሁሉም ነገር ገባት። ግርፋት ጠበቅኩ፤ ለእሱ ተዘጋጅቼ ሁለት ሱሪ ደራርቤ ነበር። እሷ ግን፣ «ከነገ ጀምረህ በየጠዋቱ ከትምህርት በፊት ታንኳኳላቸዋለህ። ምርቃታቸውን ይዘህልኝ ትመጣለህ። ምርቃት ከሌለ ቁርስ የለም» አለችኝ። ሱሪው በከንቱ ቀረ።

ጀመርኩ። እንዴት አደሩ ለማለት «ከመይ ሓዲርኩም፣ ኣቦይ?» እላለሁ፣ በሩ ይከፈታል። መጀመሪያ ሰሞን በሩ ላይ ምርቃቴን ነጥቄ እሮጥ ነበር። ቀስ በቀስ ግን መቆየት ጀመርኩ፤ ምክንያቱም እንደ እሳቸው የሚያወራ ሰው አላየሁም። በርጩማቸውን፣ ዱካ የሚሉትን፣ ግመል አስመስለው እንዴት እንደሚጫን አስተማሩኝ። ትከሻዬን ተደግፈው ከበሩ እስከ አጥሩ እንሄዳለን፤ በኋላ ከአጥሩ እስከ መንገዱ። ዱላውን እየረሱ እኔን መያዝ ለመዱ። ፂማቸውን መላጨት ጀመሩ። እናቴ የምትልከውን ቁራሽ ሳያስተርፉ ይበላሉ። ምርቃታቸው ደግሞ እንደ ሌላው ሽማግሌ አይደለም፤ በየቀኑ አዲስ ነው። «እንደ ግመል ጥምን ቻል» ይሉኛል። ሌላ ቀን «ጨው ሁን፣ ያለ አንተ የሚጣፍጥ አይኑር።» አንድ ቀን ደግሞ «ደጅህ ሰው አይጣ» አሉኝ፤ ሲሉኝ ወደ ራሳቸው ደጅ እያዩ ነበር።

ሰፈሩ መጀመሪያ ሰሞን ይመጣላቸው ነበር። በኋላ ሰው ሥራ አለው፣ ልጅ አለው፤ እናቴን አጥር ላይ ሲያገኛት «ኣቦይ ሐጎስ እንዴት አደሩ?» ይላታል። እሷም የዕለቱን ምርቃት ትነግረዋለች፤ «አሜን» ብሎ በዚያው ያልፋል። ምርቃቱ ከመጣ ሰውዬው ደህና ናቸው ማለት ነው። እንግዲህ አስቡት፣ የአንድ ሽማግሌ ነፍስ በእኔ አፍ ላይ ተንጠልጥላ ነበር። ሰፈሩ አደራውን የሰጠው ለማን እንደሆነ ተመልከቱ!

በዚያው ዓመት የካልሲ ኳስ መጣብን። ከትምህርት በፊት የሚደረግ ግጥሚያ ነበር፤ እኔ ደግሞ፣ ሳልዋሽ፣ የሰፈሩ አንደኛ አጥቂ ነኝ። አንድ ጠዋት ኳሱ ፊት ለፊቴ፣ የኣቦይ ሐጎስ በር ከኋላዬ ሆነ። ተጫወትኩ። ቤት ገብቼ የዱሮውን አንድ ምርቃት አንሥቼ ለእናቴ አቀበልኳት። ምላሴ ይታሰራል ብዬ ጠበቅኩ፤ አልታሰረም። ደግሞ ፈጠራ አይደለም አልኩ፤ ራሳቸው ያሉትን መድገም ነው። ሁለተኛ ጊዜ ቀለለኝ። ሦስተኛው ጊዜ፣ «ዛሬ ምን አሉ?» ስትለኝ «ደጅህ ሰው አይጣ» አልኳት። «አሜን» አለች፣ ቁርሴን ሰጠችኝ። ሲያልፍ ለጠየቃት ሁሉ ያንኑ ስትነግር ሰማኋት። ሰው ሁሉ «አሜን» እያለ ሥራው ሄደ።

በማግስቱ ኳስ አልነበረም፣ ሄድኩ። አንኳኳሁ፣ መልስ የለም። በሩን ገፋ ሳደርገው ተከፈተ። ኣቦይ ሐጎስ በአልጋውና በበሩ መሃል መሬት ላይ ተጋድመዋል። የፋኖሱ ላምባ አልቆ መስተዋቱ ጠቁሯል። የውሃው እንስራ እጃቸው ከሚደርስበት አንድ ክንድ አልፎ ተቀምጧል። ከትናንት ወዲያ ያደረስኩት ቁራሽ ሕምባሻ፣ ለራት ያስቀመጡት፣ ዱካው ላይ እንዳለ ደርቋል። የወደቁት ያን ዕለት ማታ ነው። እኔ ኳስ ስጫወት እሳቸው እዚያ ነበሩ። እናቴ «ደህና ናቸው» ስትል እሳቸው እዚያ ነበሩ። ሰፈሩ በሙሉ «አሜን» ሲል እሳቸው እዚያ መሬት ላይ ሆነው በሩን ያዩ ነበር።

«መጣህ?» አሉኝ። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። ውሃ በጣሳ ሰጠኋቸው፤ ግማሹን ደረታቸው ላይ ደፋሁት። ከዚያ እናቴን ጮኼ ጠራሁ። እየሮጠች መጣች።

«መቼ ነው የወደቁት፣ ኣቦይ?» አለች።

አላዩኝም። ጣራውን እያዩ፣ «አሁን ንጋት ላይ ነው፣ ልጄ። ልነሣ ስል አዳለጠኝ። ትናንትማ ልጅሽ መጥቶ ነበር» አሏት።

ዕድሜያቸውን ሙሉ ሚዛን ሳያዛቡ የኖሩ ሰው በዚያ ዕድሜያቸው ዋሹ። የዋሹት ለእኔ ነው።

ሐኪም ቤት ተወሰዱ፣ ወጌሻም መጣ፤ ዳሌያቸው ግን እንደ ድሮው አልገጠመም። ከአጥሩ እስከ መንገዱ የነበረው ጉዟችን በዚያው ቀረ። ትከሻዬን ይዘው መሄድ እንኳ አልሆነላቸውም። ከጥቂት ቀን በኋላ እሳቸውና እኔ ብቻችንን ስንሆን፣ «ያን ቀን ለእናትህ ምን ብዬ እንደመረቅኩህ ነገርካት?» ብለው ጠየቁኝ። ቁጣም ፈገግታም ፊታቸው ላይ የለም። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። «ደጅህ ሰው አይጣ» አልኩ፣ ድምፄ እንደ ትንኝ። «ጥሩ ነው» አሉ፤ «ብትመጣም እሱን ነበር የምልህ።»

በዱላው ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። የዱላ ሕመም አንድ ሳምንት ነው። ይህኛው ሠላሳ አምስት ዓመት ሊሞላው ነው፣ ገና ትኩስ ነው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ክረምት ኖሩ። አንድም ጠዋት አልቀረሁም፤ ይህን ግን እንደ ጉራ አልናገረውም፣ የዘገየ እግር ምን ጉራ አለው? ሲሞቱ ኣያ ተክሉ ጥሩንባውን ሳይነፋ በፊት መጥቶ «እውነት ነው?» ብሎ የጠየቀው እኔን ነው። እናቴ የዚያን ጠዋት ነገር እስከ ዛሬ አታውቅም። አሁን ዐይኗ ስለደከመ ራሷ አታነብም፤ ይህን ጽሑፍ የማነብላት እኔ ነኝ። እሱ ነው ያስፈራኝ።

ዛሬ ሁላችንም ስልክ አለን። ከሥራ መልስ ለሽማግሌዎቻችን ደውለን «ደሐንዶ?»፣ ደህና ነዎት ወይ፣ እንላለን፣ «ደሐን» ይላሉ፣ ዘጋን። ሽማግሌ ግን መሬት ላይ ተጋድሞም «ደሐን» ነው የሚለው። በዚያ በክፉው ጊዜ፣ ስልክ ሁሉ በተቋረጠ ጊዜ፣ መቐለ በእግሯ ነበር የምትጠያየቀው፤ «አላችሁ ወይ?» ለማለት ብቻ ከሰሜን ተነሥቶ ሌላው የከተማው ክፍል፣ ሓወልቲ ድረስ የሚሄድ ሰው አይቻለሁ። በር ላይ ቆሞ፣ ፊት አይቶ፣ ይመለሳል። ስልኩ ሲመለስ እልል አልን። እግራችን ግን ከዚያ ወዲያ ቤት ቀረ። ልጆቼን ብልካቸው «አባዬ፣ ደውልላቸው እንጂ» ይሉኛል። ምን ልበላቸው?

አሁን ሓወልቲ፣ ከምኖርበት ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ እትዬ ዘነበች የሚባሉ አሮጊት ብቻቸውን ይኖራሉ። በወጣትነታቸው ከወሎ መጥተው እዚህ ያስተማሩ፣ እዚሁ ያገቡ፣ ባላቸውን እዚሁ የቀበሩ መምህርት ናቸው። ሱቄን ከመክፈቴ በፊት በየጠዋቱ እሄድላቸዋለሁ። ምርቃት ከእሳቸው አይገኝም። «ዛሬም መጣህ? ሥራ የለህም?» ነው የሚሉኝ። «አለኝ፣ እትዬ» ስላቸው፣ «እንግዲያው ያን ሆድህን ቀንስ፣ ደረጃውን ታፈርሰዋለህ!» ይሉኛል። እኔ ግን ቆመው እየሰደቡኝ እንደሆነ በዐይኔ ሳላይ አልወርድም።

ይኸው፣ ይህንንም አታምኑም። ይህ ሆድ በየጠዋቱ ሦስት ፎቅ ይወጣል ብል ማን ያምናል? ኑና ጠይቁ። በር ላይ ያለውን ጥበቃ ጠይቁት፣ «ጫማውን ሳይ ሰዓቱን ዐውቃለሁ» ይላችኋል። ከእትዬ ጎን ያለችውን፣ ስታጠና አድራ በእኔ ማንኳኳት የምትነቃውን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጠይቋት፤ ትረግመኛለች፣ ግን ትመሰክራለች። እትዬን ራሳቸውን ጠይቋቸው፤ እሳቸው ይሰድቧችኋል እንጂ አይዋሹላችሁም፣ ለእኔም አይዋሹልኝም። ባለፈው ማክሰኞ እንዳልመጣሁ፣ እስከ ቀትር ድረስም በሩን ሲያዩ እንደዋሉ ይነግሯችኋል። ሂዱ፣ እሱንም ጠይቋቸው።