ዳር የቆመው ሰው

ልጄ የፎቶ አልበሙን ስትገልጥ የአሮጌ ፕላስቲክ ሽታ ወጣ፤ መቀሌ፣ ዓይናለም ሰፈር ወደነበረው ጠባብ ግቢያችን መለሰኝ።

ልጅ ሳለሁ ዘመድ ተሰብስቦ ፎቶ ልንነሳ ስንል፣ ፎቶ አንሺው አጎቴ ግቢው ስለጠበበው ሰፊ የሚያሳየውን ሌንስ ገጠመ። "ሁላችሁም ትገባላችሁ፤ ዳር የቆመ ግን ተለጥጦ ወፍራም ይመስላል" አለ። ዘመድ ሁሉ ወደ መሃል ተጋፋ። አባቴ እጄን ለቀቀና ዳር ሄዶ ቆመ።

"እኔ ልወፍር፤ በምግብ እንደሁ እምቢ ብሎኛል።"

ትልልቆቹ ሳቁ። እኔ ግን አልገባኝም፤ እጄን ስለለቀቀኝ አኮረፍኩ።

ከእሱ የቀረን ፎቶ ይሄ ብቻ ነው።

"ይሄ ወፍራም ሰውዬ ማነው?" አለች ልጄ።

"አያትሽ።"

አባቴ ቀበቶውን በምስማር እየበሳ የሚያጠብቅ ሰው ነበር።

"ወፍራም ነበር እንዴ?"

"አዎ" አልኳትና ገጹን ገለጥኩ።