ፈረሱን ሊያነሳ የነበረው ጋሪ

ዳንግላ ውስጥ ለምህንድስና ተማሪዎች ሜካኒክስ ማስተማር ስጀምር ትልቁ ራስ ምታቴ ሞመንት፣ ማለትም ኃይል አንድን ነገር የማዞር አቅሙ፣ ነበር። ጠመኔ እስኪያልቅ ሰሌዳው ላይ ቀስት ብስልም፣ ተማሪዎቼ ቀመሩን ይሸመድዱና «ምን ማለት ነው?» ስላቸው ያንኑ ቀመር መልሰው ይደግሙልኛል። የኮምፒውተር ክፍሉ ሲከፈትልን ግን እስቲ ልሞክር ብዬ ከተማው ሁሉ የሚሳፈርበትን የፈረስ ጋሪ በፕሮግራም ሠራሁት። ጆንያዎቹን በማውዝ እየጎተቱ ቦታ ሲቀይሩላቸው፣ ጎማውና ፈረሱ የሚሸከሙት ክብደት በቀስት ይታያል።

ከዘንገና አካባቢ የመጣች፣ ክፍል ውስጥ ድምጿ ተሰምቶ የማያውቅ ተማሪ ነበረችኝ። ያን ቀን ከጓደኛዋ ጋር በአዊኛ ስትንሾካሾክ ሰማሁና ጠጋ አልኩ።

«ምን ተገኘ?»

«ቲቸር፣ ኮምፒውተሩን አበላሸሁት መሰለኝ» አለች ደንግጣ።

ጆንያዎቹን ሁሉ ከጎማው ኋላ ከምራቸዋለች። ፈረሱ ጋ ያለው ቀስት ተገልብጦ ቁጥሩ ኔጌቲቭ ሆኗል።

«አልተበላሸም። ለምን ኔጌቲቭ የሆነ ይመስልሻል?»

ስክሪኑን ትክ ብላ አየች። ከዚያ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ጋሪው ፈረሱን ሊያነሳው ነው!»

ክፍሉ በሙሉ እሷ ዘንድ ተሰበሰበ። ወዲያው ሁሉም ፈረሱን ሊያንጠለጥል ጆንያ ወደ ኋላ ይጎትት ጀመር። ሳቁን የሰማ የጎረቤት ክፍል መምህር በሩን ከፍቶ አየን፤ እኔም አብሬ ስስቅ ሲያገኘኝ ዘግቶ ሄደ።

ከክፍል እንደወጣን ግቢው በር ላይ አንድ ጋሪ ቆሞ አገኘን። ተማሪዎቹ ተንጋግተው ከኋላ በኩል ሲሳፈሩ ባለጋሪው ሽማግሌ ጮኹ፦

«ኧረ ወደ ፊት ጠጋ በሉ! ፈረሴን ልትሰቅሉት ነው?»

ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። ሽማግሌው ግራ ገባቸው። ነገሩን ሳስረዳቸው «እስቲ የእናንተን ፈረስ አሳዩኝ» አሉና የራሳቸውን ለልጆቹ አደራ ሰጥተው ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ ገቡ።

ያቺ ዝምተኛ ተማሪ ጆንያዎቹን ስትጎትትላቸው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ድንገት ግን ኮስተር አሉ።

«ቆይ፣ ጆሮው የታለ?»

የእኔ ፈረስ እውነትም ከሳጥን አይሻልም ነበር። ተማሪዋ ጆሮ ትስልለት ጀመር፤ እሳቸውም ከኋላዋ ቆመው «ትንሽ ቀና ይበል እንጂ፣ የኔ ልጅ» ይላሉ።

ከዚያ ወዲህ ሞመንት ያልገባው ሁሉ እሷን መጠየቅ ጀመረ። እሷም ጮክ ብላ ታስረዳለች፤ ሲያስፈልግ በአማርኛ፣ ሲያስፈልግ በአዊኛ።