የማንጎው ዛፍ ፍሬቻ

ነገሩ የደረሰው ጋምቤላ ክልል ከተባለች ብዙም ሳትቆይ ነው። ያኔ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ስሙን ቀይሮ «ቢሮ» ሆኗል፤ ማኅተሙ ግን ገና እየተቀረጸ ነበር። እኔ ከነዚያ ቢሮዎች ባንዱ ሹፌር ነበርኩ። ሹፌር ገጠመኝ አያጣም። የኢታንግ መንገድ ላይ አዞ የኋላ ጎማዬን ነክሶ ፓንቸር አድርጎብኛል ብዬ ምዬ አውቃለሁ፤ ያመነኝ የለም። የዛሬውን ግን ሰፈሩ በሙሉ ያየው ነው። ከልቤ ያልወጣውም ስለተበቀልኩበት ነው።

ባለቤቴ አሪየት የባሮ ዳር ልጅ ናት። የሰፈራችን የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን መዘምራን መሪም ናት። ድምፅዋን አንዴ ስትለቀው ጉማሬ ከውሃ ወጥቶ ያደምጣል። እኔ ከደጋ የመጣሁ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ገና ግን የሁለታችንም በዓል ነው።

በሰፈራችን የገና ዕለት አመሻሽ ላይ መዘምራኑ ከግቢ ግቢ እየዞሩ ይዘምሩና በመጨረሻ አንዱ ግቢ ይቀመጣሉ። ጎረቤቱም ድስት ድስቱን ይዞ ወደዚያው ይሄዳል። ያ ግቢ ታዲያ ዓመቱን ሙሉ ስሙ ይነሣል። አሪየት ተጋብተን እዚያ ሰፈር ከገባን ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ትመኝ ነበር፤ መዘምራኗ እሷ ግቢ፣ ከማንጎው ሥር እንዲቀመጡላት።

መብራት የሚመጣው ሲመሽ፣ የከተማው ጄኔሬተር ሲነሣ ነው። እኛ ደግሞ የራሳችን ቆጣሪ አልነበረንም። የምናበራው ከጎረቤታችን ከአቶ ሽብሩ ቤት በተሳበ ሽቦ ነበር። አቶ ሽብሩ ባለሱቅ ነው። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ በሆዴ የምለውን ግን ይህ ጋዜጣ አያወጣልኝም። የሽቦዬ ማጥፊያ የነበረው እሱ ሳሎን ግድግዳ ላይ ነው።

አንድ ዓመት ለመስክ አዲስ አበባ ሄጄ ስመለስ የገና መብራት ገዝቼ መጣሁ። ማንጎው ላይ ጠመጠምኩት። ሰፈርተኛው በተራ እየመጣ አየው። መዘምራኑም ዞረው ዞረው መጨረሻ ላይ እኛ ግቢ ተቀመጡ። አሪየት መሐል ቆማ ብቻዋን የምትዘምረውን ጀመረች።

ሁለተኛው አዝማች ላይ ስትደርስ ማንጎው ድርግም አለ። የጠፋው የኛ ብቻ ነው። የአቶ ሽብሩ በረንዳ ቦግ ብሎ በርቷል። ራሱ አቶ ሽብሩ ከሳሎኑ ወጣና በአጥሩ ላይ አንገቱን አውጥቶ፣

«አንተ ሹፌር፣ ነዳጅ አለቀብህ እንዴ?» አለኝ።

ሕዝቡ ሳቀ። እኔ በቀልድ ስንቱን ያሳበድኩ ሰው፣ የሞተ ሽቦ እየነካካሁ ቀረሁ። ከሁሉ የቆጨኝ ቀልዱ ጥሩ መሆኑ ነው። መዘምራኑ ትንሽ በጨለማው ቆዩና ወደ በራው ግቢ ተሻገሩ፤ ድስቱም ተከተላቸው። አሪየት የሠራችው የባሮ ዓሣ እንኳ አጥር ዘሎ ሄደ። እሷ አልሄደችም። መዝሙሩን ከግማሹ ትታ፣ ማንጎው ሥር ያሉትን ወንበሮች አንድ በአንድ አጥፋ ወደ ቤት አስገባች።

ከዚያ ወዲያ ስሜ «ነዳጅ አለቀ» ሆነ። ቢሮ ውስጥ ኃላፊው ሳይቀር ለመስክ ሲጠራኝ ሳቁን ለመደበቅ ጉሮሮውን ይጠራርግ ጀመር። ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ግን አሪየት «ሁለተኛ እዚህ ግቢ አልዘምርም» አለች። ያቺን ቀን አቶ ሽብሩን በሆዴ አሰርኩት።

ዓመቱ ዞረና ገና ሲቃረብ አቶ ሽብሩ ሱቁ ደጃፍ ላይ አዲስ ዕቃ ይዞ ታየ። መብራቱን የሚቆጣጠር ትንሽ ሣጥን ነው፤ ከአዲስ አበባ ያስመጣው። ቁልፉን ስትጫነው መብራቱ ይሮጣል፣ ስትደግመው ይፈዛል፣ ስትሠልስ ሣጥኑ ራሱ ሲር ሲር እያለ ይዘፍናል። እያንዳንዱን ገበያተኛ እያስጫነ ያሳያል። እኔንም «ና ተጫን፣ አይዞህ ነዳጅ አይበላም» አለኝ። ተጫንኩ። አሞገስኩለትም። ነገር ያሰረ ሰው ትሑት ነው።

ቤት ገብቼ ማሰብ ያዝኩ። የሱን ዓይነት ሣጥን ብገዛ ዋጋ የለውም፤ የሁሉ ሣጥን አባት እሱ ሳሎን ግድግዳ ላይ ያለው ማጥፊያ ነው። መጀመሪያ ከረጅሙ ነጭ አምፖል ላይ ስታርተር የሚሉትን ትንሽ ማስነሻ ነቅዬ ሞከርኩ። እውነት ነው፣ መብራቱን ብልጭ ድርግም ያደርገዋል፤ ግን እንደ ሰካራም አካሄድ ነው፣ ቀጥሎ መቼ እንደሚነሣ አይታወቅም። ደግሞም ያው የሚጠባው ከአቶ ሽብሩ ሽቦ ነው።

መልሱ የመጣልኝ መኪና ውስጥ ነው። ባሮ ድልድይ አጠገብ ለመታጠፍ ፍሬቻ አሳየሁ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። በሕይወቴ ሙሉ ስሰማው የኖርኩትን ድምፅ ያን ዕለት ገና ሰማሁት። የማንንም ቆጣሪ ሳይለምን፣ ከባትሪ እየበላ፣ አምፖል የሚያበራና የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ እጄ ላይ ኖሯል!

የሚስቴ ወንድም ኦጁሉ ጋራዥ ይሠራል። ለመዘምራኑ ከበሮ የሚመታውም እሱ ነው። ጉዳዩን ስነግረው ሳቀና «ሽብሩ ያወቀ ቀን ይሞታል» አለ። ባትሪ ቻርጅ አድርጎ ሰጠኝ። የቢሮውን ባትሪ እንዳልነካሁ ይታወቅልኝ። አምፖሉን ከሹፌር ጓደኞቼ ለመንኩ። የዳሽቦርድ፣ የታርጋ፣ የፍሬቻ፣ ያልመጣ የለም። ከዲማ ወርቅ ፈላጊ ጭኖ የሚመላለሰው ጓደኛዬ እንኳ ከአሮጌ ፒካፑ ነቅሎ አመጣልኝ። በዚያ ሰሞን ጋምቤላ ውስጥ የቀረ የመኪና አምፖል ቢኖር የአምቡላንሱ ብቻ ነው። በአሪየት የጥፍር ቀለም ቀይ በቀይ አደረግኳቸው።

የቀረው ፍሬቻውን፣ ያን ቀጭ ቀጭ የሚለውን ትንሽ ቆርቆሮ፣ መምረጥ ነበር። ኦጁሉ ሁለት አመጣ፤ አንዱ የትንሽ ቶዮታ፣ አንዱ የአሮጌ ላንድሮቨር። በቀን፣ በሩን ዘግተን ጓዳ ውስጥ ሞከርናቸው። የዚህ ዕቃ ጠባይ እንዲህ ነው፤ አምፖል በጨመርክበት ቁጥር ይቸኩላል። የቶዮታው አምፖሉ ሁሉ ሲጫንበት ቄራ እንደሚነዱት በሬ ደነበረ። እኔ ወደድኩት፤ ዓይን ያጭበረብራል።

አሪየት በሩን ገርበብ አድርጋ ለካ ታየናለች። ያን ዓመት ስለ ገና አንድ ቃል አልተነፈሰችም ነበር።

«ይኼ አይሆንም» አለች። «ቸኩሏል። ትንፋሽ አያስወስድም።»

«መብራት ነው፣ ምን ትንፋሽ አለው?» አልኳት።

«ያንዱን ደግሞ አብራው።»

የላንድሮቨሩን አገናኘሁት። ቀጭ... ቀጭ... ቀጭ። በዝግታ፣ በእኩል። አሪየት ዓይኗን ጨፍና አዳመጠችና አምና ያቋረጠችውን መዝሙር ከሁለተኛው አዝማች ጀምራ ታንጎራጉርበት ጀመር። ኦጁሉ በጣቱ የባትሪውን ጎን መታ መታ አደረገ። እኔም የቶዮታውን ለኦጁሉ መለስኩ። ፍሬቻው በዚያው ተመረጠ።

የገና ዕለት መሸ። ጄኔሬተሩ ተነሣ። የአቶ ሽብሩ ግቢ ሲሮጥ፣ ሲፈዝና ሲዘፍን ላየው ሰው እውነትም ድንቅ ነበር፤ ሐሜት ላይ ነኝ እንጂ ውሸት ላይ አይደለሁም። መዘምራኑ ዞረው ዞረው በራፉ ላይ ደረሱ። እኔ ይኼኔ ሽቦውን ከባትሪው አገናኘሁ። ማንጎው ቀላ፣ ጠቆረ፣ ቀላ፣ ጠቆረ። አሪየት ከመዘምራኑ ተለይታ መጥታ ከሥሩ ቆማ ጀመረች።

ሁሉም ዞሮ አየ። አቶ ሽብሩ ፈገግ አለ። ወደ ሳሎኑ ሲገባ አየሁት፤ ማጥፊያውን ሲጫንም ጓ ሲል ሰማሁ። የቤቴ ውስጥ አምፖል ጠፋ። ማንጎው ግን ቀላ፣ ጠቆረ። ደግሞ ተጫነ። ማንጎው ያው ነው። በመስኮት ብቅ ብሎ አየና፣

«ሌባ! ከሌላ ቦታ ጠልፎብኛል!» አለ። «አሁን አሳያችኋለሁ።»

ሄዶ ከቆጣሪው ዋናውን ፊውዝ በንዴት መነጨቀው። የፊውዙ ሸክላ እጁ ላይ ለሁለት ተሰበረ። ያ ሁሉ የሚሮጥ የሚዘፍን ግቢ ባንድ ጊዜ ዝም አለ። ማንጎው ግን ቀላ፣ ጠቆረ። በበዓል ምሽት ደግሞ ፊውዝ የሚሸጠው ሱቅ አንድ ነው፤ የራሱ። እሱም ባዶ ኖሯል፤ አልቆበት አላስመጣም።

አጥሩ ጋ ሄድኩ። ዓመት ሙሉ በጉንጬ ይዤው የከረምኩትን አወጣሁ።

«አቶ ሽብሩ፣ ሞተር ጠፋብዎት? እንግፋዎት?»

ሳቁ ባሮን አቋርጦ ማዶ ደርሶ ተመለሰ። መዘምራኑ ተሻገሩ። ድስቱም ተሻገረ፤ የአቶ ሽብሩ በግ ጭምር። ወንበሮቹ ማንጎው ሥር ተዘረጉ። ኦጁሉ ከበሮውን በፍሬቻው ልክ መታ፣ አሪየትም በዚያው ልክ ከአዝማች አዝማች ዘመረች።

እዚህ ላይ ብተወው ጨዋ ሰው እባል ነበር። አሪየት ግን ያልበላ ጎረቤት እያለ አትበላም። አንድ ሳህን ሞልታ ራሷ ወሰደችለትና ስትመለስ፣ «ክንፈ፣ ሰውዬው ጨለማ ውስጥ ነው። መብራት ስጠው» አለችኝ።

የሚስቴን ቃል አልጥልም። ሽቦ ስቤ አንዲት አምፖል በረንዳው ላይ ሰቀልኩለት። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለ፣ ሳህኑን ታቅፎ። ከባትሪው በቀጥታ መሳብ እችል ነበር። የሳብኩለት ግን በፍሬቻው በኩል ነው።

አንድ አምፖል ሲጨመርበት ፍሬቻው ፈጠን አለ። አሪየት እየዘመረች ቀና ብላ አምፖሎቹን አየች፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ በአጥሩ ላይ አሻግራ ተመለከተች። አቶ ሽብሩ በብርሃን ይጠቀልላል፣ በጨለማ ይጎርሳል፤ ሲበራ አጥንት ያነሣል፣ ሲጠፋ ይጥለዋል። ልትቆጣ ፈለገች። ግን ከንፈሯ አመለጣት። እየሳቀች መዝሙሩን አፈጠነችው፤ ሕዝቡም በደስታ መሰለው።

ዛሬ የራሴ ቆጣሪ አለኝ። አቶ ሽብሩ ሰላም ይለኛል፣ እኔም በአክብሮት እመልሳለሁ። ፍሬቻው ግን አልጋዬ ራስጌ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ለነፍስ አባቴ የሠራሁትን ሁሉ ተናዝዣለሁ፣ የአዞውን ውሸት ሳይቀር። ይቺን ብቻ አልነገርኳቸውም። ይቅር ካሉኝ ደስታዋ የሚቀንስ ይመስለኛል።